በአንድ ቁልፍ የወጣ ዱላ

ሰክሬ እየገባሁ ሚስቴን እንደምደበድብ የሰማሁት ከቃዲ አፍ ነው። መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ዘይነባን አንድ ቀን በጥፊ እንኳ አልነካኋትም። ይህን የምለው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፤ ማመን አለማመን የእናንተ ጉዳይ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ የሰው ጉዳይ የምትጽፉ ካላችሁ ይቺን ነገር ስሙኝ።

ያን ጊዜ የከብት ደላላ ነበርኩ። ቤቴ ከሚሴ ነው፤ እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ እውላለሁ። ከቆላ የመጣው አፋርና ከደጋ የወረደው ነጋዴ ዋጋ ሲጣሉ መሃል ገብቼ የማስማማው እኔ ነኝ። ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን፣ ከአፋርኛውም ለገበያ የሚበቃኝን እችላለሁ። ገበያ ላይ አፌን የሚዘጋው ሰው አልተፈጠረም። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። የባንኩም ሰሌዳ የሽንት ቤቱም ሰሌዳ ለእኔ አንድ ነበር።

ዘይነባ ልጃችንን ሀያትን ይዛ ጨፋ ሮቢት ወንድሟ ቤት ከሄደች ሰንብታለች። እናቷ የሞተችባት ሴት ናት፣ ትሰንብት ብዬ ዝም አልኩ። አንድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ መሃል ወንድሟ ይማም ፍየሎቹን እየገፋ መጣና የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አኖረ።

«ኡመር፣ ይቺን ያዝ። ረቡዕ ጧት ቃዲው ዘንድ ትፈለጋለህ» አለኝ።

«ማነው የከሰሰኝ?»

«ማን ይሆናል? እህቴ ናታ። ፍቺ ትፈልጋለች።»

«ምን አደረገኝ ብላ?»

«ወረቀቱ ላይ አለ።»

«አንተስ አፍ የለህም? ንገረኛ!»

«እኔ ምኑን አውቄ? የጻፈችላት ሂንዲያ ናት፣ ከሚሴ ያለችው የኮምፒውተር ጸሐፊ። እኔ ደጅ ቆሜ ነበር። ገባች፣ ተናገረች፣ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች፣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አታድርቀኝ፤ እኔም እንዳንተው የፊደል ዕውር ነኝ።»

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ። ያን ቀን ያስማማሁትን ሰው አላስታውስም። እጄ ገበያ ላይ ነው፣ ልቤ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰኞ ባቲ ስደርስ አልቻልኩም። ሁሴን የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፣ የከብት መኪና ሹፌር ነው። ስንት ዘመን በአንድ ሰሃን የበላን፣ ጎን ለጎን የሰገድን ሰው። ማንበብ ይችላል። ከመኪናው ጥላ ስር አገኘሁትና ወረቀቱን ሰጠሁት።

«እስኪ አንብብልኝ፤ ሴትዮዋ ምን እንደምትል ልስማ።»

እየሳቀ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ሲጨርስ ወረቀቱን በታጠፈበት መልሶ አጠፈው፤ አይኔን አያየኝም።

«ይሄን ታደርግ ኖሯል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«አንተው ታውቀዋለህ።»

«ሁሴን፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ምን ይላል?»

«አላነብልህም። አፌን አላቆሽሽም። ረቡዕ እዚያው ትሰማዋለህ።»

«ውሸት ቢሆንስ?»

«ማህተም አለበት» አለኝ።

በቃ። ከእኔ ጋር የኖረበት ዘመን በአንድ ጎን፣ ማህተሙ በአንድ ጎን፤ ማህተሙ በለጠ። ስንመለስ ጋቢና አላስቀመጠኝም። ሰው ሞልቷል አለኝና ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር ጫነኝ። ጋቢናው ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

ማክሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከሚሴ ውስጥ ወረቀት የሚያነብ ሰው ሞልቷል፤ ግን የሁሴንን ፊት ካየሁ በኋላ ማንን ልጠይቅ? እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ወረቀቱን አውጥቼ ገልብጬ አያለሁ፤ የቱ ላይኛው፣ የቱ ታችኛው እንደሆነ እንኳ የምለየው በማህተሙ ነው። የሠራሁትን ኃጢአት ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሬ አንድ በአንድ አሰብኩ። ከብት ስሸጥ ያበልኩት፣ ያኮረፍኩት ጎረቤት፣ ያሳለፍኩት ሶላት። ሰው እንዲህ ፊቱን የሚያጠቁርበት ግን አላገኘሁም። ሰው ጥፋቱን ሳያውቅ ሲፈራ እንዴት እንደሚያብድ ያን ቀን አየሁ።

ረቡዕ ጧት ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ዘይነባ ከይማም ጋር መጣች። በጥቁር ሻሽ ተሸፍናለች፤ ሰላም አለችኝ፣ እኔ ራሴን ነቅነቅ አደረግኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ባለጉዳዩ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይቆማል። ቃዲው ሸሁ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ።

«አመልካች ወይዘሮ ዘይነባ... ተጠሪ በየዕለቱ የአልኮል መጠጥ ጠጥቶ ሰክሮ እየገባ፣ አመልካችን በዱላና በእርግጫ እየደበደበ፣ የጎረቤትን ሰላም እየነሳ...»

ጆሮዬን አላመንኩም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» ብለው ከአጠገቤ ፈቀቅ አሉ።

«ወላሂ—» ብዬ ስጮህ ሸሁ እጃቸውን አነሱ።

«ሳትጠየቅ አትማል! ቁም!»

ያኔ ዘይነባ ተናገረች። ድምጿ ቀጭን ነው።

«ሸሁ፣ ማነው የሚጠጣው?»

«ባልሽ ነዋ! አንቺው ነሽ ያልሽው።»

«የኔ ባል? ሱብሃነላህ! እሱ እኮ ለስላሳ እንኳ አፍንጫዬን ይነካኛል ብሎ አይጠጣም።»

ሰው ሳቀ። ሸሁ አልሳቁም። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩት።

«ይህ የጣት አሻራ የማነው?»

«የኔ ነው።»

«ይመታሻል?»

«አይመታኝም።»

«ታዲያ ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ይህን አላልኩም ሸሁ። ሌላ ነው የነገርኳት።»

ይማም ከኋላ አንገቱን አስግጎ በሹክሹክታ፣ ግን ሰው ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ማይና ተገላገይ! ይሰረዝብሻል!» አላት። እሷ ዞር እንኳ አላለችም። ልብ በሉ፤ ይህች ሴት ከእኔ ለመገላገል የመጣች ሴት ናት። አንድ መሐላ ብቻ ነው የቀራት። ብትምል እኔን የሚያምነኝ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

«ትምያለሽ?» አሏት ሸሁ።

«አልምልም።»

ሸሁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ አንቺ ባልተናገርሽው አልፈርድም። ይህ ወረቀት ያንቺ አይደለም። የነገርሻትን በትክክል አጽፈሽ ዛሬውኑ ከአስር ሶላት በፊት አምጪልኝ። ካላመጣሽ እሰርዘዋለሁ፤ ወደ ባልሽ ቤት ትመለሻለሽ።»

እኔ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። አንድ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ የከሰዓቱን የአስር ሶላት መጠበቅ። ጉዳዩ ይሰረዛል፣ ሚስቴ ትመለሳለች፣ ልጄ ትመለሳለች። ግን ያቺ «ማህተም አለበት» የምትለዋ ቃል አላስቀምጥ አለችኝ። የጻፈችብኝን ሴት ሳላያት አላድርም አልኩ። ዘይነባንና ይማምን ተከትዬ ሄድኩ።

የሂንዲያ ቤት አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ረጅም ወረፋ ነው። ሂንዲያ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጣቶቿ ሲሮጡ አይን አይከተላቸውም። አንገቷን አላቀናችም።

«ማነው እኔን ሰካራም ያደረገኝ?» ብዬ ጮህኩ።

«ወረፋ ያዝ ወንድሜ።»

«ወረፋ? የሰው ስም አጥፍተሽ ወረፋ?»

አሁን ቀና አለች። ዘይነባን አየቻት፣ ወረቀቱን አየች፣ ገባት። ከወረፋው ውስጥ አንዲት አሮጊት «ኮቱ፣ ታኢ፤ ና ተቀመጥ» ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ምኑ ነው ችግሩ?» አለች ሂንዲያ። «የፍቺ አቤቱታ ነው ያለችኝ፤ የፍቺ አቤቱታ ጻፍኩላት።»

«እመታታለሁ ብላሻለች?»

«ለፍቺ የሚመጡት ብዙዎቹ ይህንኑ ነው የሚሉት። እሷም 'ባሌ ቤት ሲገባ' ብላ ስትጀምርልኝ ገባኝ።»

«አልገባሽም» አለች ዘይነባ።

ሂንዲያ ተናደደች። «ኑ እዩ እንግዲህ! እኔ ማንንም አልዋሸሁም፤ ሥራዬ እንዲህ ነው።» ባዶ ገጽ ከፈተች። «ፍቺ» ብላ ጻፈችና ከላይ ካሉት ቁልፎች አንዱን፣ ኤፍ ሦስት የሚባለውን፣ ነካች። ያ ባዶ ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ጠቆረ። አይኔን ብርግድ አድርጌ አየሁት። ዝናብ እንኳ ሲጥል በጠብታ ነው የሚጀምረው። «ከዚያ ኮንትሮልና ኤች ነው፤ የድሮውን ስም በአዲሱ ስም ይለውጥልኛል። ከዚያ ኮንትሮልና ፒ፣ ይታተማል። አለቀ። በእጄ ከሀ እስከ ፐ ልልቀም ብል ይሄ ወረፋ ሳምንት አያልቅም።»

«የመጀመሪያውን ለማን ነው የጻፍሽው?» አልኳት።

«ለአንዲት የሌላ አገር ሴት። ባሏ እውነትም ሰካራም ነበር። አቤቱታው አማረልኝ፣ ተፈረደላትም። አስቀመጥኩት።»

የታተመውን ወረቀት ተቀበልኳትና ከእኔው መጥሪያ ጋር ደርቤ በበሩ ብርሃን ላይ ወደ ላይ ያዝኩት። ማንበብ አልችልም፤ አይን ግን አለኝ። መስመር በመስመር ላይ ተኝቷል። ከስማችን ቦታ በቀር አንዲት ጭረት አይተላለፍም። የማላውቀው ሰው ዱላ በእኔ እጅ ገብቷል። ስንት ወንድ ይሆን ይህን ዱላ የጨበጠው?

«አንተ ራስህ» አለችኝ ሂንዲያ፣ ትከራከራለች፣ «ፍየል ስትሸጥ የእያንዳንዷን ጥርስ ገልጠህ ታያለህ?»

«አያለሁ!»

ወረፋው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ነበር፤ ዘይነባን ስታይ ተወችው። ይማም በር ላይ ሆኖ «ሰዓቱ ይሄዳል! ትጽፊ እንደሆን ጻፊ!» አለ።

«አብሽሩ፣ አብሽሩ» አለች ሂንዲያ። ኮንትሮልና ኤ ነካች፣ ገጹ ሁሉ በጥላ ተሸፈነ፤ አንድ ቁልፍ ጨመረች፣ ነጣ። «በይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አሁን እሰማሻለሁ።»

ዘይነባ አይኗን መሬት ላይ ተክላ ጀመረች።

«ባሌ ቤት ሲገባ አይናገርም።»

ሂንዲያ ጻፈች። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«በቃ አይናገርም። ውሃ አቀርባለሁ፣ ይጠጣል። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላል። 'ገበያው እንዴት ዋለ?' እላለሁ፣ ግድግዳ ያያል። ስታመም በሰው እጅ መድኃኒት ይልክልኛል፤ ምን ሆንሽ አይለኝም። ገበያ ላይ ሰው የሚያስቅ ሰው ነው አሉ። እኔ ሲያስቅ አይቼው አላውቅም።»

የሂንዲያ ጣቶች ቆሙ። «ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው? የፍቺ ምክንያት ይሆናል ብለሽ ነው? ሸሁ ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ። ዱላ ቢሆን ለዘመድ አሳየው ነበር። ይሄ ምልክት የለውም።»

እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። ልጮህ ፈለግሁ፤ 'ውሸት ነው' ልል ፈለግሁ። ሂንዲያ እየጠየቀች፣ እየሰረዘች ጻፈች። ገጹ ግማሽ ደረሰ። ያኔ መብራት ሄደ።

ሂንዲያ ጭንቅላቷን ያዘች። «ኮንትሮልና ኤስ አልተጫንኩም! ያ ረቢ፣ አላስቀመጥኩትም!»

«ጠፋ?» አለች ዘይነባ።

«ጠፋ።»

ያን ሁሉ አቋራጭ የሚያውቅ እጅ ያቺን አንዷን ረስቷል። ይማም ደጅ ሆኖ ይራገማል። ሂንዲያ መሳቢያዋን በረበረች፣ ወረቀትና ስክሪብቶ አወጣች፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ብርሃን ተጠጋች። «በይ እህቴ፣ በእጄ እጽፈዋለሁ። ድገሚልኝ።»

ዘይነባ ግን ለእሷ አልደገመችላትም። ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ የሞተች ዕለት» አለችኝ፣ «ለለቅሶ ፍየል ነድተህ መጣህ። ትልቅ ፍየል። ለወንድሜ ሰጠኸው፣ አረዱት፣ ሰው በላ። እኔ ማዕዘን ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ። ይመጣል፣ አላህ ያጥናሽ ይለኛል እላለሁ። ማንም ባዳ የሚለውን ቃል! ጫማህን አድርገህ ወደ ባቲ ሄድክ። ገበያ ደርሶብህ ነበር። ኡመር፣ አንድ ቃል ምን ያስከፍልህ ነበር?»

ሂንዲያ ስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። «ይሄንንም ልጻፈው?» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

«ጻፊው» አለች ዘይነባ፣ አይኗን ከእኔ ሳታነሳ።

አስር አዛን ሊል ሲል ቃዲው ዘንድ ደረስን። ሸሁ የእጅ ጽሑፉን እያዘገሙ አነበቡት። ማንም አልሳቀም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅድም ልትምል ቸኩለህ ነበር። አሁን ማል። ይህን ትክዳለህ?»

ስለ መጠጡ ሺህ ጊዜ እምል ነበር። ስለ ዱላው ቁርአን እጨብጥ ነበር። ይህን ግን መካድ አቃተኝ።

«አልክድም» አልኩ።

«እንግዲያው ሚስትህ እዚህ ቆማለች። ጉዳዩን ከመዝጋቴ በፊት የምትላት ነገር ካለህ በላት።»

አፌን ከፈትኩ። ባቲ ላይ ሦስት ቋንቋ የሚፈጨው አፍ! ክፍሉ ይጠብቃል፣ ሸሁ ይጠብቃሉ፣ እሷ ትጠብቃለች። አይታችሁት የማታውቁት ጥበቃ ነው። የወጣው ይህ ነው፦

«መኪና ሳያልቅባችሁ ሂዱ።»

ዘይነባ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም። «ይኸው ነው ሸሁ» አለች።

በሐሰተኛው ወረቀት ነጻ ወጥቼ ነበር፤ በእውነተኛው ተፈረደብኝ። ፍቺዋን አገኘች፣ ሀያት ከእሷ ጋር ሆነች። ሁሴን ወሬውን ሰምቶ ኋላ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ብሎኛል። አውፍ ብዬዋለሁ፤ መኪናው ላይ ግን አልወጣሁም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ጢሜ ወጥቶ፣ በዕድሜ ከእኔ ካነሱ ሰዎች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ስለ እኔ የተጻፈውን ከእኔ በፊት ማንም እንዳያነብ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ኮምፒውተሩን ያስተማረችኝ ራሷ ሂንዲያ ናት። እሷ ሌላ ከተማ ስትሄድ ቤቱን እኔ ያዝኩት። ዛሬ በዚያው ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

አቋራጭ ጠላሁ እንዳትሉ። እኔ ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጣቴ ዛሬም ፊደል ለመፈለግ ይንከራተታል። ኮንትሮልና ሲ፣ ኮንትሮልና ቪ ባይኖሩ በዚህ ሥራ አልኖርም ነበር። ማውስ የሚሏትን አይጥ ከነካኋት ቆይቷል። ስህተቴን በኮንትሮልና ዜድ እመልሳለሁ፣ የጠፋብኝን ቃል በኮንትሮልና ኤፍ አስፈልጋለሁ፣ ኮንትሮልና ኤስን በየአንቀጹ እጫናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የቤት ኪራይ ውል ቢመጣ አንድ ቁልፍ ነው። የመታወቂያ ጥያቄ አንድ ቁልፍ ነው። ቤት ቤት ነው፣ መታወቂያም መታወቂያ ነው፤ ማሽኑ ይሥራው፣ እኔ ልረፍ።

የሰው ክስ ሲመጣ ግን ኤፍ ሦስት የሚያወጣልኝ ራስጌውንና ግርጌውን ብቻ ነው። የፍርድ ቤቱ ስም ከላይ፣ የፊርማው ቦታ ከታች። መሃሉ ባዶ ነው፤ እንዲያ አድርጌ ያሰናዳሁት ሆን ብዬ ነው። እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳና «ምን ሆንሽ?» እላለሁ። ትጀምራለች፣ ትቆማለች። «ከዚያስ?» እላለሁ። ወረፋው ያጉረመርማል። ትናንት አንዱ «አቦ ቶሎ በል፣ ሁሉም ያው ነው!» አለኝ። «ሂድ ሌላ ቤት» አልኩት። ሄደ። ይሂድ።

እናንተም ባለ ኮምፒውተሮች፣ የምታስቀምጡትን ጽሑፍ ሁሉ ክፈቱና እዩት። ደንበኛችሁ አፏን ሳትከፍት ስለ እሷ የሚናገር መስመር ካለ አጥፉት። ሰው ግማሹን ሲናገር ገባኝ የምትሉትን ነገር ተዉት። አልገባችሁም።

ዘይነባ ሌላ ባል አግብታለች። ሀያት ስትመጣ ትነግረኛለች። ሰውዬው ገና ከደጅ ጀምሮ ነው አሉ የሚያወራው፤ እራት ላይ ያወራል፣ ተኝቶም ያወራል። ዘይነባ አንዳንዴ «እስኪ ዝም በል!» ትለዋለች። እየሳቀች ነው አሉ የምትለው።